አህያ ሳሉ የተባሉት ልጆች

ስለ ዝምተኛ ልጅ አስተማሪውን ብትጠይቁት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም፤ ብቻ ልቡ ትምህርቱ ላይ የለም።» የሚረብሽ ልጅ ይቀጣል፣ ወላጁም ይጠራል። ዝም ያለው ግን አንድ መስመር ጽፎ ፈዞ ሲቀር የሚያየው የለም። እናት ግን ታያለች። ቡዳ በልቶት ይሆን? ዓይኑ ነው ወይስ ጆሮው? ከወንጂ እስከ ላንጋኖ ባለው የስምጥ ሸለቆ፣ የሚጠጣው ውሃ ይሆን ወይ ብሎ ለመጠየቅ ግን ረጅም ጊዜ ወስዷል።

ነገሩ የጀመረው ከጥርስ ነው። የናዝሬትና የዝዋይ ልጅ ሲስቅ ከጥርሱ ያስታውቃል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ ወንጂ ላይ ሲደርስ ግን መረረ። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሥራ ሲያስጀምር ሠራተኛው የጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር። ውሎ አድሮ በጥርስ መበለዝ አልቆመም፤ አንገታቸውን ማዞርና ጀርባቸውን ማጠፍ ያቃታቸው ሰዎች ሐኪም ዘንድ መምጣት ጀመሩ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት፣ በሸለቆው ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው በፍሎራይድ ተጎድቶ ተገኘ። አጥንታቸው የተጎዳው ደግሞ በሊትር ከ4 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ከ10 ዓመት በላይ የጠጡ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ ከ1.5 እንዳያልፍ ይመክራል።

ጥፋቱ የመሬቱ ነው። ሸለቆውን የሞላው የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ በፍሎራይድ የበለፀገ ነው። ካልሲየም በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል፤ የዚህ አካባቢ ውሃ ግን ሶዳው የበዛ፣ ካልሲየሙ ያነሰ ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የሚመጣው ሰው ቢልሃርዚያ የለበትም ብሎ የሚዋኝበት የላንጋኖ ሐይቅ ራሱ፣ ፍሎራይዱ ከ1.5 በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዋናተኛው የሚጠጣውን የታሸገ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው።

ጥርስና አጥንት ከታወቁ በኋላ የአእምሮ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም ነበር። ፍሎራይድ በበዛባቸው የቻይና መንደሮች የተሠሩ ጥናቶች ጥርጣሬውን ቀስቅሰው ነበር። ይህን ጥያቄ ወደ ሸለቆው ልጆች ያመጣው ቴዎድሮስ ራንጎ ጎዴቦ፣ በአሜሪካ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው፤ ለዓመታት የስምጥ ሸለቆውን የጉድጓድ ውሃ ሲመረምር የቆየ ሰው። ቦታው ለጥያቄው ይመቻል። የገጠሩ ቤተሰብ ኑሮው ተቀራራቢ ነው፤ የአንዱ መንደር ጉድጓድ ግን ከሌላው በእጅጉ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው 74 ልጆች ተሳተፉ፤ የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይድ በሊትር ከ0.41 እስከ 15.5 ሚሊግራም ይደርስ ነበር።

ልጆቹ ሰው፣ ቤትና አህያ እንዲስሉ ተጠየቁ። አህያዋ መመረጧን በጣም ወድጄዋለሁ። ጄሪካኑን ተሸክማ ያንኑ ውሃ ቤት የምታደርስ እሷ ናት፤ ልጁ በእግሩ መሄድ ከጀመረ ጀምሮ ያውቃታል። ለመሳል ኦሮምኛም አማርኛም ማንበብ አያስፈልግም። ሌላው ፈተና በታብሌት ነበር፦ ሳጥኖች ተራ በተራ ይከፈታሉ፣ በየትኛው ሳጥን ምን ምስል እንደነበረ ማስታወስ ነው። ትኩረትና የማስታወስ ችሎታ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ አስተማሪው «ልቡ የለም» የሚለው እንግዲህ ይኸው ነው።

የውሃው ፍሎራይድ ሲጨምር በሥዕሉም በሳጥኖቹም ላይ ስህተቱ በዛ።

ጥናቱ የመነሻ ጥናት ነው፤ 74 ልጅ ትንሽ ነው፤ ዝምድናን ያሳያል እንጂ «ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ አይፈርድም። የአሜሪካው ብሔራዊ የመርዛማነት ጥናት ፕሮግራምም እ.ኤ.አ. በ2024 የብዙ አገር ጥናቶችን መርምሮ፣ ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ሲሆን ከልጆች የማሰብ ችሎታ መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ «በመካከለኛ እርግጠኝነት» ተናግሯል። ስለዚህ የፈዘዘውን ልጅ ሁሉ በጉድጓድ ማመካኘት አይገባም። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ አይሰማም። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ፈዞ የሚመለስ ልጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ የሌለው የሚጥል በሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ያ መድኃኒት አለው።

ውሃውን በተመለከተ ግን አንድ የተለመደ መፍትሔ አይሠራም፦ ማፍላት። ማፍላት ተዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይዱ ግን አይተንም፣ ውሃው በተነነ መጠን ጭራሽ ይበረታል። ክሎሪንም አይነካውም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ እጅግ ያነሰ ነው። ሞጆ ላይ የኦሮሞ የራስ አገዝ ድርጅት በከሰለ የከብት አጥንት የሚያጣራ ዘዴ ለመንደሮች ሲያዘጋጅ ቆይቷል። አጥንቱ ግን ከጊዜ በኋላ ይጠግባል፤ ያኔ የሚወጣው ውሃ በጣዕምም በመልክም ስለማይለወጥ፣ በየጊዜው ናሙና ወስዶ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።