ፈረሳን፦ ዓሣ፣ ተምርና ወፍ የሚከፋፍሉት ዓመት

ጂዛን ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ የሚያስበው የየመንን ድንበርና የስደቱን መንገድ ነው። ከዚያው ከተማ ወደብ ተነሥቶ አንድ ሰዓት ያህል በመርከብ የተጓዘ ሰው ግን ፈረሳን ይደርሳል። በጅዳ ለዓመታት ኖረው የዚህን ቦታ ስም ያልሰሙ ብዙ ናቸው። ፈረሳን ከ170 በላይ ደሴቶች ያሉት የቀይ ባሕር ክልል ነው፤ ከባሕሩ ማዶ ዳህላክ ይገኛል። ሰው በቋሚነት የሚኖረው በሦስቱ ደሴቶች ላይ ብቻ ሲሆን እነሱም ታላቋ ፈረሳን፣ ከእሷ ጋር በድልድይ የተያያዘችው ሰጂድና ትንሿ ቁማህ ናቸው።

የፈረሳን ሰው ወንዝ የለውም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። ስለዚህ ኑሮው በየወቅቱ ከሩቅ ከሚመጡለት ነገሮች ጋር ተሳስሮ ኖሯል።

የዓመቱ ትልቁ ቀን የሚውለው በመጋቢት መጨረሻ ወይም በሚያዝያ ነው። ሐሪድ የሚባለው ዓሣ ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ከጥቂት ቀናት በኋላ በብዙ ሺህ ሆኖ ጥልቀት ወደሌለው የባሕር ወሽመጥ ይጎርፋል። ሐሪድ ከበቀቀን ዓሣ ወገን ነው፤ ወገኑ ይህን ስም ያገኘው የበቀቀን ምንቃር ከሚመስለው ጥርሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ቀኑ መድረሱን የሚያውቁት ሌሊት ከባሕር በሚነፍሰው ልዩ ሽታ እንደሆነ ይናገራሉ። ሽታው ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት በአንድ ሌሊት እንቁላላቸውን ሲለቁ የሚፈጠር ነው። የባሕር ተመራማሪዎችም የዓሣውን መምጣት ከዚሁ ከኮራሎቹ መራባት ጋር ያያይዙታል።

በዓሉ በሐሲስ ባሕር ዳርቻ ይከበራል። ዓሣው በመረብ ተከብቦ ይያዛል፤ ሕዝቡ የራሱን ትንሽ መረብ አንጠልጥሎ በዳርቻው ይሰለፋል። የአገሩ ሹም ምልክት ሲሰጥ ወጣት ሽማግሌ ሳይል ሁሉም ወደ ውኃው ይሮጣል፤ የያዘውን ይዞ ይመለሳል፣ ለጎረቤትና ለዘመድም ያካፍላል።

እዚህ ላይ ሁለት አቆጣጠሮች ይገናኛሉ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ያዳርሳል። ሐሪድ ግን ከጸደይ አይወጣም፤ ከጸደይ ወራት ውስጥ ትክክለኛውን ቀን የምታሳየው ጨረቃ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 እና በ2023 የዓሣው ወቅትና ጾሙ አንድ ላይ ገጥመው ነበር።

ከሰኔ ጀምሮ ነፋሱ ይዞራል። በደቡብ ቀይ ባሕር በቀዝቃዛዎቹ ወራት የሚነፍሰው የደቡብ ነፋስ ቦታውን ለሰሜኑ ይለቃል፤ ሙቀቱም ይበረታል። ድሮ በዚህ ጊዜ የፈረሳን ቤተሰቦች ጓዛቸውን በግመል ጭነው አል-ቀሳር ወደሚባለው የተምር መንደር ይሄዱ ነበር። በዚያ ጥላና ጣፋጭ የጉድጓድ ውኃ ስላለ፣ ተምሩ በስሎ እስኪለቀም ድረስ በጋውን ያሳልፉበት ነበር። የመንደሩ የድንጋይ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ ጎብኚ የሚያያቸው ጠባብ መተላለፊያዎች የእነዚያ የበጋ ጎረቤቶች መገናኛ ነበሩ።

ባሕሩን የሚያውቁት ወንዶች ደግሞ ሉል ፍለጋ ይጠልቁ ነበር። ከሉል ንግድ የተገኘው ሀብት እስካሁን በከተማዋ ይታያል። የሪፋዒ ቤት በጄሶ ላይ በተቀረጸ ጌጡ ይታወቃል፤ አንድ የሉል ነጋዴ ያሠራው የነጅዲ መስጊድ ደግሞ ነጋዴው ከህንድ ጋር የነበረውን ግንኙነት በማስጌጫዎቹ ይናገራል። ሁለቱም የተሠሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጃፓኖች በእርባታ ያመረቱት ሉል የዓለምን ገበያ ሞላው፤ የጠላቂዎቹ ሥራም ተዳከመ።

ደሴቶቹ የመርከብ መናኸሪያ የሆኑት ግን ከዚያ እጅግ ቀድሞ ነው። በታላቋ ፈረሳን የተገኘ የላቲን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ144 ገደማ የሮማ ጦር በዚያ ሰፍሮ እንደነበር ያስረዳል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የዐፄ ካሌብ ዘመቻ ነው። በግሪክኛ የተጻፈው የናግራን ሰማዕታት ገድል፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ525 በደቡብ ዓረቢያ ወደነበረው የሂምያር መንግሥት ሲዘምት በአዱሊስ ወደብ ከተሰበሰቡት መርከቦች መካከል ሰባቱ ከፈረሳን እንደመጡ ይዘረዝራል። መርከቦቹ የተንቀሳቀሱት ከጰራቅሊጦስ በኋላ ነው፤ ማለትም የሰሜኑ ነፋስ ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሸራ መመቸት በሚጀምርበት ጊዜ።

በጋው ሲያበቃ ተራው የወፎች ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥተው ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ መንጋዎች በመስከረምና በጥቅምት በደሴቶቹ ላይ ያርፋሉ። ይህን ጉዞ ከማንም በላይ የሚጠብቀው ግራጫማው ጭልፊት ነው። ሌሎች ወፎች በጸደይ ሲፈለፍሉ እሱ እንቁላሉን የሚጥለው በበጋው ሙቀት መካከል ነው፤ ጫጩቶቹ ምግብ በብዛት በሚፈልጉበት ሰዓት ደካሞቹ መንገደኞች ይደርሱለታል። ልጆቹን ካሳደገ በኋላ ራሱም ወደ ማዳጋስካር ይነሣል። በሳተላይት የተከታተሉት ተመራማሪዎች ይህ ወፍ በኢትዮጵያ ሰማይ በኩል እንደሚያልፍ አይተዋል።

ከኅዳር በኋላ አየሩ ይለዝባል። የሚዘንበው ጥቂት ዝናብ ግራሩን ያለመልመዋል፤ ሚዳቋዎቹም ከየጥሻው ይወጣሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ከቀሩት የዱር የዓረብ ሚዳቋዎች ትልቁ መንጋ ያለው በፈረሳን ነው። በዋናው ምድር በአደን የተመናመኑት እንስሳት በዚህ የተረፉት ባሕሩ ስለከለላቸውና አካባቢው በሕግ ስለተጠበቀ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረሳንን የሳዑዲ የመጀመሪያው የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል አድርጎ መዝግቦታል።

ጥበቃው የባሕሩን ሙቀት ግን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2015 የደቡብና የመካከለኛው ቀይ ባሕር ውኃ ከመጠን በላይ ሞቆ ብዙ ኮራሎች ነጥተዋል፤ የነጣ ኮራል ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደለት ይሞታል። የሐሪድ ቀን ከኮራሎቹ ሌሊት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጉዳቱ እስከ ዓሣ አጥማጁ ማዕድ ይደርሳል። ስለዚህ መልሕቅ ኮራል ላይ አለመጣል፣ ቆርጦ አለመውሰድና ቆሻሻን ወደ ባሕር አለመወርወር ከእያንዳንዱ ጎብኚ ይጠበቃል።

ከጅዳ ተነሥቶ መሄድ ለሚፈልግ፣ እስከ ጂዛን በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚዳቋና አል-ቀሳርን ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይመቻሉ። ሐሪድን ለማየት የሚሻ ግን በጸደይ፣ የሂጅራው ወር ከተጋመሰ በኋላ ባሉት ቀናት ደሴቱ ላይ መገኘት ይኖርበታል።