ለጓደኛዬ የሰጠኋት አራት ነጥብ

ትናንት ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጦ «ይሄ ክላስ መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ሰዓቱን ሰረቅ ሲያደርግ የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ጠመኔ ይዞ ከፊት ሲቆም ምን ይሰማዋል? እኔን ጠይቁኝ! ጉልበት ይንቀጠቀጣል፤ ጉሮሮ ይደርቃል፤ ሰሌዳው ላይ የጻፉት መስመር ሳይታወቅ ቁልቁል ይወርዳል። ከኋላ አንዱ ቢያስል «በኔ እየሳቁ ነው» ያሰኛል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ በጥሩ ውጤት ተመርቀው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ስለሚቀጠሩ ወጣቶች ነው። ግራጅዌት አሲስታንት ይባላሉ፤ በካምፓስ አጠራር «ጂ ኤ»። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና አለማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል። እናም ከላብራቶሪው ጠረጴዛ ፊት የሚቆመው ሰው ብዙ ጊዜ የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ወይም ኮረዳ ነው። ነገ እናንተ ትሆናላችሁ፤ ካልሆነም ወንድማችሁ ወይ እህታችሁ። ስለዚህ እኔ የወደቅኩበትን ጉድጓድ ላሳያችሁ።

«ልጄ አስተማሪ ሆነ!»

የቅጥር ደብዳቤው የደረሰኝ ቀን እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እኔም አንድ ሱፍ ኮት ገዛሁ። የማስተምረው ግን ማንን መሰላችሁ? ባለፈው ዓመት ካፌ ውስጥ ለወጥ አብሬያቸው የተሰለፍኳቸውን ልጆች!

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ገና ስገባ የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባለውን ወፍራም ሰነድ አስታቅፎኝ «አንብበው» አለኝ። አነበብኩት? ምን በወጣኝ! ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ የሻይ ብርጭቆ ማሳረፊያ አደረግኩት። በዚያን ጊዜ ሕግ ማለት ለኔ የሽማግሌዎች ጭቅጭቅ ነበር።

የጂ ኤ ሥራ ባጭሩ ይሄ ነው። ዋናውን ሌክቸር የሚሰጠው የኮርሱ ባለቤት የሆነው ነባር መምህር ነው። ጂ ኤው ቱቶሪያል ይይዛል፤ ላብራቶሪ ያሠራል፤ ኩዊዝና ሪፖርት ያርማል፤ ነጥብ ይመዘግባል፤ ፈተና ላይ ይቆማል፤ በተለጠፈው ሰዓት ቢሮው ተገኝቶ ለሚጠይቁት ተማሪዎች ያስረዳል። ራሱም ገና ተማሪ ነው፤ ለማስተርስ ሲላክ ውል ይፈርማል፤ ተምሮ ሲመለስም እንደ ውሉ ያገለግላል። የመጨረሻውን ግሬድ የሚፈርመው እሱ አይደለም። ነገር ግን ያ ግሬድ የሚሠራው እሱ በሌሊት እያዛጋ ከሰጣት ነጥብ ተለቃቅሞ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ!

ዝርዝሩ ላይ ያየሁት ስም

የኔ ትምህርት ኬሚስትሪ ነው። አንድ የላብራቶሪ ሴክሽን ተሰጠኝና የተማሪዎቹን ዝርዝር ሳይ የማውቀው ስም ላይ ዓይኔ ቆመ። የዶርም ጓደኛዬ! እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ሁለት ዓመት ተደራርበን ተኝተናል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታይፎይድ ሲጥለኝ ከካፌ ምግቤን እየተሸከመ ያመላለሰልኝ፣ ኖቴን የገለበጠልኝ እሱ ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ ቤተሰቡ ጋ ሄደ፤ ሲመለስ እኔ ተመርቄ አስተማሪ ሆኜ ጠበቅኩት።

በጣም ደስ አለን። ክላስ ውስጥ «ቲቸር» ይለኛል፤ ማታ ሻይ ቤት «አንተ ጅል» ይለኛል። ለማንም አልተናገርንም። ምን ያስፈልጋል?

ሴሚስተሩ ሲጋመስ አንድ ማታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «ይቺን ኮርስ ጥሩ ካልሠራሁ ለመመረቂያ ሁለት ነጥብ አይሞላልኝም። እናቴ እኔን ነው የምትጠብቀው። ፈተና ስጠኝ አላልኩህም። ብቻ ስታርም ዓይንህን ጨፈን አድርጋት።»

ይሉኝታ የሚባለውን በሽታ ታውቁታላችሁ? ያን ጊዜ ያዘኝ። «እሺ» አላልኩም። «እምቢ»ም አላልኩም።

በዚያው ሳምንት የመጣው ሪፖርት የታይትሬሽን ነበር፤ ሰልፈሪክ አሲድን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ቡሬት ነው የሠሩት። አንዱ የሰልፈሪክ አሲድ ሞለኪውል ሁለት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስለሚፈልግ መጨረሻ ላይ ለሁለት ማካፈል ግድ ነው። ጓደኛዬ ማካፈሉን ረስቶታል። የአሲዱ መጠን እጥፍ ሆኖ ወጣለት። እንደ ማረሚያዬ አራት ነጥብ ይቀነሳል። እስክሪብቶዬን አነሳሁ… ያ የካፌ ሳህን ትዝ አለኝ… አለፍኩት። ከ20 አሥራ ሰባት!

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሪፖርቱን በመለስኩ በማግስቱ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ቢሮዬ መጣች። ክላስ ውስጥ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ሁለት ሪፖርት ይዛለች፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የጓደኛዬ። ለካስ በአንድ ቡሬት አብራው የሠራችው እሷ ኖራለች!

«ቲቸር፣ ለክስ አይደለም የመጣሁት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ስሌቱን አብረን ነው የሠራነው። እሱ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ ሦስት ነኝ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ቢያሳዩኝ ብዬ ነው፤ ለፋይናል እንዳልደግመው።»

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ስህተቱ አንድ ነው። መስመሩ ሳይቀር አንድ ነው። የሷ ላይ ቀይ ክብ አለ፤ የሱ ላይ ምንም የለም። ምን ልበል? «ነገ ነይ፤ አየዋለሁ» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። አመስግናኝ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተዬ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም። እስከዚያ ድረስ አስብ የነበረው ጓደኛዬን ስለመጥቀም እንጂ ማንንም ስለመጉዳት አልነበረም። ያቺ ልጅስ እናት የላትም እንዴ? እሷንስ የሚጠብቃት ቤተሰብ የለም? የኔን ምግብ ስላልተሸከመች ነው አራት ነጥብ ያጣችው?

ጠዋት የኮርሱን ባለቤት ቢሮ አንኳኳሁ። ጠና ያሉ፣ ቁጡ የሚባሉ ሰው ናቸው። «ዶክተር፣ አጥፍቻለሁ» ብዬ ሁሉንም አፈረጥኩት። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ጓደኛህ መሆኑን የመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ኖሮ የሱን ወረቀት ሌላ ሰው ያርመው ነበር። የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። አሁን ግን የሠላሳውም ልጅ ወረቀት መታረም አለበት።»

ነጥቡ ገና ወደ ሬጅስትራር ስላልሄደ ሌላ ጂ ኤ የሴክሽኑን ሪፖርት በሙሉ እንደገና አረመው። ጓደኛዬ አሥራ ሦስት፣ ልጅቷም አሥራ ሦስት ሆኑ። እኔ በእንቅልፍ ልቤ አላግባብ የቀነስኩባቸው ሦስት ልጆች ደግሞ ነጥባቸው ከፍ አለ። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ይገባኛል።

ጓደኛዬስ? «ለአራት ነጥብ ሸጥከኝ» አለኝ። ሻይ ቤት ስገባ ተነስቶ መውጣት ጀመረ። እኔም የምችለውን ብቻ አደረግኩ፤ ኃላፊውን አስፈቅጄ ቅዳሜ ጠዋት ለፈለገ ተማሪ ሁሉ የሚሆን ቱቶሪያል ከፈትኩና ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ቅዳሜ አልመጣም። ሁለተኛውም። በሦስተኛው መጥቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮርሱን በሲ አለፈ፤ በራሱ ሲ! ተመረቀም። እንደ ድሮው ነን ብላችሁ ግን ውሸት ነው። ሰላም እንባባላለን፤ «አንተ ጅል» ብሎኝ ግን አያውቅም። እሷ ናት የምትናፍቀኝ።

ለአዲስ ጂ ኤዎች

ከዚያ በኋላ ያን ወፍራም ሰነድ ከሻይ ብርጭቆ ሥር አውጥቼ አነበብኩት። ሰነዱን ካነበብኩም፣ ከነባሮቹ ከሰማሁም፣ ከራሴ ውርደትም የተማርኩትን እነሆ፦

አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ክላስ በፊት የስም ዝርዝሩን እዩት። ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ እጮኛ፣ የድሮ ፍቅረኛ፣ የዶርም ጓደኛ ካለበት ለኃላፊያችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። ይሄ ሰው ማሳጣት አይደለም፤ ሰውየውንም ራሳችሁንም ማዳን ነው።

ሁለተኛ፣ ማረሚያውን ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ጻፉት፤ የቱ ስህተት ስንት እንደሚያስቀንስ ይታወቅ። ስም ያለበትን ገጽ አጥፋችሁ እረሙ። የሁሉንም ተማሪ አንደኛ ጥያቄ ጨርሳችሁ ነው ወደ ሁለተኛው መሄድ። ሲደክማችሁ ተኙ!

ሦስተኛ፣ ፈተናና የነጥብ መዝገብ ከቢሮ አይውጣ። በስልክ ፎቶ አታንሱት፤ ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ኢንተርኔት ቤት አትሂዱ። የተማሪን ነጥብ ከነስሙ ቴሌግራም ላይ መልቀቅም ነውር ነው።

አራተኛ፣ ላብራቶሪ ከተማሪው ቀድማችሁ ግቡ። ጋውንና መነጽር ያላደረገ አይሥራ፤ ቢቀየማችሁም ይቀየም። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ዓይን መለዋወጫ የለውም።

አምስተኛ፣ ነጥቡ በእጃችሁ ካለ ተማሪ ጋር ፍቅር አትጀምሩ። «እሷ ናት የወደደችኝ» አይሠራም፤ እምቢ ለማለት የምትፈራ ልጅ እሺታዋ አይቆጠርም። ተማሪዎችም ስሙ፦ ግሬድ መያዣ አድርጎ የሚያባብል መምህር ካጋጠማችሁ ለዲፓርትመንቱ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ቢሮው ተናገሩ፤ የላከላችሁን መልእክት አታጥፉት።

ስድስተኛ፣ የማታውቁትን ሲጠይቋችሁ «አላውቀውም፤ አንብቤ ለሚቀጥለው ክላስ እነግራችኋለሁ» በሉ። ግን በቃላችሁ ተገኙ። እንዲህ ያለ መምህር ተማሪ አይንቀውም።

ሰባተኛ፣ የተመዘገበ ነጥብ ብቻችሁን አትለውጡ። ቅሬታ ያለው ተማሪ ሲመጣ አትቆጡት፤ ስህተቱን አሳዩት። ካልተስማማ የኮርሱ ባለቤት ወይም ሌላ መምህር ይየው።

ጓዶች፣ ሕጉ እስር ቤት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ጓደኛህ ዓይንህን እያየ ሲለምንህ «አልፈልግም» ማለት ያቅታል። «እኔ አይደለሁም የማርምልህ፤ አስቀድሜ አስታውቄያለሁ» ማለት ግን ይቻላል። ያን ማታ ሻይ ቤት ይቺን ማለት ብችል ኖሮ፣ ዛሬም «አንተ ጅል» የሚለኝ ጓደኛ ይኖረኝ ነበር።

መልካም የማስተማር ዘመን! ቸር እንሰንብት።