ስለ ሕዋስ ሽፋንና በሕዋስ ውስጥ ስላሉ ክፍሎች፤ የጨውና የውኃ ነገር በአዋሽ ሸለቆ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሚያነቡ ሽማግሌዎች የተጻፈ

በአዋሽ ሸለቆ የሚኖር ሰው ኹሉ የጨውንና የውኃን ነገር ከልጅነቱ ዠምሮ ያውቃል። ወንዙ ከደጋ ተነሥቶ፣ በአዋሽ ከተማ አጠገብ በገደል መካከል አልፎ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወርዳል፤ የሰመራንና የዱብቲን ሜዳ ካለፈ በኋላም በአሳይታ በኩል ዞሮ፣ ከባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨው ይተርፋል። ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣው ጨውም በብዙ የኢትዮጵያ አገር ይበላል።

ስለ ጨውና ስለ ውኃ ግን የሚያስደንቁ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የተጠማች ግመል በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ጠጥታ ሳትጐዳ ትሄዳለች። ኹለተኛ፣ ጥጥ በረጠበ መሬት ላይ ቆሞ በጥማት ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ባዶ ውኃ ቢጠጣ አይበረታም፤ ጥቂት ጨውና ስኳር ያለበት ውኃ ቢጠጣ ግን ከሞት ይድናል። የሦስቱም ምክንያት በአንድ ስፍራ ይገኛል፤ እርሱም ዐይን የማያየው የሕዋስ ሽፋን ነው። ይህን ለማስረዳት ከሥሩ ዠምረን እንናገራለን። የፈረንጆች ሊቃውንት የሠሩበትን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

1ኛ፤ ሕዋስ ማለት ምን እንደ ኾነ

ሕዋስ የሚለው ቃል በግእዝ የታወቀ ነው። ሊቃውንት ዐምስቱ ሕዋሳት ሲሉ ማየትን፣ መስማትን፣ ማሽተትን፣ መቅመስንና መዳሰስን ያመለክታሉ። በተፈጥሮ ትምህርት ግን ቃሉ ሌላ ነገር ይገልጻል፤ ሕይወት ያለው ፍጥረት ኹሉ የተሠራበት ትንሹ ሕያው ክፍል ሕዋስ ይባላል፤ በፈረንጅ ቋንቋ ሴል የሚሉት ይህን ነው። ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሰውም ግመልም ግራርም ከሕዋስ ተሠርተዋል። ልዩነቱ ግን ድንጋይ በድን ነው፤ ሕዋስ ግን እያንዳንዱ ለራሱ ይመገባል፣ ይተነፍሳል፣ ከቈሻሻው ይጠራል፤ አብዛኛውም ተከፍሎ መሰሉን ይወልዳል።

በ1665 ዓመት ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ ስስ የቡሽ ቅራፊ በአጉሊ መነጽር ቢመለከት ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረው አየ፤ ትንሽ ክፍል ወይም በዓት ማለት የኾነውን ሴል የሚለውን ስም ሰጣቸው። በ1838 እና በ1839 ሽላይደንና ሽቫን የሚባሉ ኹለት የጀርመን ሊቃውንት፣ አንዱ ስለ ዕፅዋት አንዱም ስለ እንስሳት መርምረው፣ ኹሉም ከሕዋስ የተሠሩ መኾናቸውን አስታወቁ።

የሕዋስን ትንሽነት ለማወቅ ደምን እናስብ። አንድ ሚሊሜትር በ1,000 ቢከፈል፣ የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ወርዱ ከዚያ 7 ወይም 8 እጅ ብቻ ነው።

2ኛ፤ በሕዋስ ውስጥ ስላሉ ክፍሎች

ሕዋስ በውስጡ እንደ አንድ ከተማ የተሰናዳ ነው፤ ለየሥራው የተለየ ክፍል አለው።

በመካከሉ ኑክለስ የሚባለው ይገኛል። ይህ የሕዋሱ መዝገብ ቤት ነው። ዲ ኤን ኤ የሚባለው የትውልድ መዝገብ በእርሱ ይጠበቃል፤ ልጅ አባቱንና እናቱን የሚመስለው ከዚህ መዝገብ የተነሣ ነው። ዋናው መዝገብ ከቤቱ አይወጣም፤ ለሥራ የሚያስፈልገው ቃል ብቻ ተገልብጦ ይላካል።

የተገለበጠውን ቃል ተቀብለው የሚሠሩት ራይቦዞም የሚባሉት እጅግ ትናንሽ ሠራተኞች ናቸው። እነርሱም በቃሉ መሠረት ፕሮቲንን ይሠራሉ። ከፕሮቲኑም ብዙው ጐልጂ ወደሚባለው ክፍል ይሄዳል፤ በዚያም እንደ ፖስታ ቤት ዕቃ ተለይቶና ተጠቅልሎ ወደሚሄድበት ይላካል። ስሙም በ1898 ካገኘው ከጣሊያናዊው ከካሚሎ ጐልጂ የተወሰደ ነው።

ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት የሕዋሱ ምድጃዎች ናቸው። ከምግብ የመጣውን ስኳርና ስብ ሰው በሚተነፍሰው አየር አማካይነት ቀስ አድርገው አቃጥለው ኀይል ያወጣሉ። ብዙ የሚሠራ ሕዋስ፣ እንደ ልብ ሥጋ ያለው፣ ብዙ ምድጃ አለው። ላይሶዞም የሚባሉት ደግሞ ያረጀውንና የማይጠቅመውን ይፈጫሉ።

የዕፅዋት ሕዋስ ከዚህ ሌላ ሦስት ነገር አለው። በውጭ ጠንካራ ግድግዳ፣ በውስጥ ቫኩዎል የሚባል ትልቅ የውኃ ጐተራ፣ በአረንጓዴው ክፍል ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚያዘጋጀው ክሎሮፕላስት ነው።

የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ግን ካደገ በኋላ ኑክለስም ሚቶኮንድሪያም የለውም። ስፍራውን ኹሉ አየር ለሚሸከመው ቀይ ፕሮቲን ለቆ፣ 120 ቀን ያህል ካገለገለ በኋላ ያልፋል።

3ኛ፤ ስለ ሽፋኑና ስለ በሮቹ

ይህን ኹሉ ዙሪያውን የሚጠብቀው ሽፋኑ ነው። ውፍረቱ እጅግ ጥቂት ስለ ኾነ መቶ ሺሕ ሽፋን ቢደራረብ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። በ1925 ጎርተርና ግሬንደል የሚባሉ ኹለት የሆላንድ ሰዎች ከቀይ የደም ሕዋስ ስቡን አውጥተው በውኃ ላይ ቢዘረጉት፣ ስፋቱ የሕዋሶቹን ገጽ ኹለት እጥፍ ያህል ኾኖ አገኙት። ከዚህም ሽፋኑ ከስብ የተሠራ ድርብ መኾኑን ተረዱ። በ1972 ደግሞ ሲንገርና ኒኮልሰን የሚባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት፣ ሽፋኑ እንደ ግድግዳ የደረቀ እንዳይደለ፣ ስቡ እንደ ዘይት እንደሚንቀሳቀስና ፕሮቲኖች በመካከሉ ተሰክተው እንደሚገኙ አስረዱ።

እነዚህ ፕሮቲኖች በሮችና ዘበኞች ናቸው። ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት በሚሌ ኬላ ሲደርስ ኹሉ በአንድነት አይለቀቅም፤ ተመርምሮ የተፈቀደው ያልፋል። በሕዋስ ደጅም እንዲሁ ነው። ጨው በስቡ ውስጥ ማለፍ አይችልም፤ ስኳርም እንዲሁ በሩን ይፈልጋል። ውኃ ጥቂት ጥቂት ሊያልፍ ይችላል፤ ፈጥኖ የሚያልፍበት ግን የራሱ በር አለው። ይህን የውኃ በር በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያገኘው ፒተር አግሬ የሚባል አሜሪካዊ በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል።

ሌላው ዘበኛ ዘወትር የሚሠራ ነው። የጨው አንዱ ክፍል ሶዲየም ይባላል። ይህ ዘበኛ 3 ሶዲየም ወደ ውጭ እያወጣ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። በ1957 ስለ እርሱ የጻፈው የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኩ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ኀይል በሰውነታችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሚቶኮንድሪያ ይመጣል፤ ስለዚህ ምድጃው ቢጠፋ ዘበኛው ይቆማል፣ ሕዋሱም ያብጣል፣ ይሞታል።

እንግዲህ አንባቢ አንድ ሕግ በልቡ ይያዝ፤ ውኃ በሽፋን ሲያልፍ ጨው ወይም ሌላ የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል። የሚከተሉት ሦስቱ ምሳሌዎች ኹሉ በዚህ ሕግ ይተረጐማሉ።

4ኛ፤ የግመል ደም

ብዙ ሰው ግመል ውኃን በሻኛዋ ታከማቻለች ይላል፤ ሻኛዋ ግን ስብ ነው። ግመል ከክብደቷ ሩብ ያህል ውኃ ብታጣ ትታገሣለች፤ ሰው ግን ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ሲጐድልበት ይሞታል። ውኃ ስታገኝም በ10 ወይም በ15 ደቂቃ 100 ሊትር ያህል ትጠጣለች።

ይህን ያህል ውኃ ሲገባ ደም ይቀጥናል፤ ደም ሲቀጥን ጨው በሕዋሱ ውስጥ ስለሚበልጥ ውኃው ወደ ሕዋሱ ይሮጣል። የሌላው እንስሳ ቀይ የደም ሕዋስ በዚህ ጊዜ አብጦ ሊፈነዳ ይችላል። የግመል ግን እንደ ሰው ክብ ሳይኾን ሞላላ ነው፤ ሽፋኑም ጽኑ ስለ ኾነ ከቀድሞ መጠኑ ከኹለት እጥፍ በላይ ቢያብጥ እንኳ አይቀደድም። የአፋር አርብቶ አደር በግመሉ ተማምኖ በረሓውን የሚያቋርጠው በዚህ ስስ ሽፋን ጽናት ጭምር ነው።

5ኛ፤ በረጠበ መሬት የሚደርቀው ጥጥ

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ ወረዳ፣ ከወንዙ በቦይ እየተጠለፈ ጥጥ ሲለማ ኖሯል። ነገር ግን የተጠጣው ውኃ የሚወጣበት መንገድ በቂ ባልኾነበት እርሻ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ወደ ላይ ቀረበ፤ ፀሐይም ሲያተነው ጨውን በዐፈሩ ላይ ተወ። ከዚህ የተነሣ አንዳንዱ እርሻ ነጭ ኾኖ ተትቷል። በወረር ያለው የእርሻ ምርምር ማዕከልም ይህን የጨው ነገር ሲመረምር ቆይቷል።

የሥር ሕዋስ ውኃን የሚስበው በውስጡ ያለው የሟሟ ነገር ከዐፈሩ ውኃ ሲበልጥ ነው። ዐፈሩ ጨው ሲሞላ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ውኃው ወደ ሥሩ መግባት ይቸግረዋል፣ አንዳንድ ጊዜም ከሥሩ ወጥቶ ወደ ዐፈሩ ይመለሳል። ስለዚህ ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል። ጨው የለመዱ ዕፅዋት ግን የገባውን ጨው በቫኩዎል ጐተራቸው ውስጥ ዘግተው ይኖራሉ። ለገበሬ የሚጠቅመውም ይህ ነው፤ ውኃን በልክ ማጠጣት፣ ማንጠፊያ ቦይ መቈፈር፣ ጨውን የሚታገሥ ዘር መምረጥ።

6ኛ፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን

ከኹሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው። በቈላ ሙቀት ሰውነት በላብ ውኃ ያጣል፤ በዚህ ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ሕፃን ፈጥኖ ይደርቃል። አንዳንድ ሰው ሆዱ እንዲያርፍ ብሎ ውኃም ጡትም ይከለክለዋል፤ ይህ ግን የሚያደርቀውን በሽታ ማገዝ ነው።

ኮሌራ የሚባለው በሽታ የአንጀትን ሕዋስ አንዱን በር ከፍቶ ይተወዋል። በዚያ በር ጨው ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ውኃም በተናገርነው ሕግ ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በሽተኛው ባዶ ውኃ ቢጠጣ ብዙው ሳይገባ ያልፋል።

ነገር ግን በሽታው የማያበላሸው ሌላ በር አለ። በዚህ በር ሶዲየምና ስኳር እንደ ኹለት መንገደኞች አብረው ይገባሉ፤ አንዱ ካለ ሌላው አይገባም። ይህን በ1960 ሮበርት ክሬን የሚባል አሜሪካዊ አስረዳ። ኹለቱ ሲገቡ ውኃው ይከተላቸዋል። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ስደተኞች በሕንድ አገር ተከማችተው ሳሉ ኮሌራ ገባባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ሲያልቅ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሐኪም የስኳርና የጨው ውኃ በአፍ እንዲጠጡ አደረገ። ከመቶው 30 ያህል ይሞት ከነበረው በእርሱ ጥበቃ ሥር የሞተው ወደ 4 ዝቅ አለ።

ስለዚህ ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አስቀድሞ ከጤና ኬላ ኦ አር ኤስ የሚባለውን ከረጢት ማምጣትና በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ይገባል። ከረጢቱ እስኪገኝ ድረስ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጥ። ማንኪያው የተላጨ እንጂ የተከመረ አይኹን። ጨው ቢበዛ ከልጁ ሕዋስ ውኃን ይስባል፤ ስኳር ቢበዛም ውኃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ውኃው ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ ይሰጥ፤ ከአንድ ቀን ያደረው ይደፋ፤ ጡትም አይከልከል። ልጁ ቢደነዝዝ፣ መጠጣት ቢያቅተው፣ ዐይኑ ቢጐደጕድ ወይም ሰገራው ደም ቢኖርበት ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በመንገድም እያጠጡ ይሂዱ።

7ኛ፤ ለመምህራን

የሽፋንን ሥራ ያለ አጉሊ መነጽር ለማሳየት አንድ ድንች በቂ ነው። ድንቹን በጣት ውፍረት ቈርጦ፣ ግማሹን በንጹሕ ውኃ፣ ግማሹን ደግሞ 3 ማንኪያ ጨው በገባበት ብርጭቆ ማኖር ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ በንጹሕ ውኃ ያለው ይጠነክራል፤ በጨው ውኃ ያለው ግን ለስልሶ ይጐብጣል። ተማሪዎች በእጃቸው ዳስሰው ውኃው ከየት ወደ የት እንደ ሄደ ይናገሩ፤ ከዚያም የአሚባራን ጥጥና የግመልን ደም ያስታውሷቸው።

ለሽማግሌዎችም አንድ ቃል እንጨምራለን። በአፋር ሕዝብ ዘንድ መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳያዛቡ የሚነጋገሩበት ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። የዝናብና የግጦሽ ወሬ በዚህ መንገድ ፈጥኖ ከአዋሽ እስከ ሰመራ ይደርሳል። በዚያው ወሬ መካከል ይህ ልክ ይጨመር፤ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው። ቍጥሩ ሳይዛባ የተነገረበት መንደር ልጆቹን ያተርፋል።