ጀርባን የማይጎዳ የሸክም ማዘያ
አህያ በማይወጣው አቀበት እህሉም ውኃውም በሰው ጀርባ ይጋዛል። 20 ሊትር ውኃ፣ ጀሪካኑ ሳይቈጠር፣ 20 ኪሎ ነው። ይህን በቀጭን ገመድ ደረት ላይ አስሮ መሄድ ትከሻን ይቈርጣል፤ ትንፋሽንም ያሳጥራል።

ማዘያ ሲገዙ ወይም ሲያሰፉ አስቀድመው ማንገቻውን ይመልከቱ። ስፋቱ ከአራት ጣት ባያንስ፣ ከውስጡም አሮጌ ጨርቅ ታጥፎ ቢሰፋበት መልካም ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙ ሰው የሚንቀው የወገብ መታጠቂያ ነው። መታጠቂያው ከሆድ ላይ ሳይሆን ከዳሌ አጥንት ላይ ሲጠብቅ አብዛኛው ክብደት ከትከሻ ወርዶ በዳሌና በእግር ላይ ያርፋል። ከባዱ ዕቃ ወደ ጀርባ ተጠግቶ ይታሰር፤ ከራቀ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ተሸካሚውም ይጎብጣል።

ነፍሰ ጡር ሴት ግን ማዘያው ምንም ቢመች ከባድ ሸክም አትሸከም፤ ውኃውን ባልዋ ያምጣ።