ከትሪሊዮን መሃል በ40፣ ከአንድ ስልክ ውስጥ በ480

ጂሜይል ይፋ የሆነው መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 2004 መሆኑ ነው፤ ዓለም እየዋሸ የሚሳሳቅበት የ«ኤፕሪል ዘ ፉል» ዕለት። ብዙ ሰው ዜናውን እንደ ቀልድ ቆጥሮ አለፈው። ደግሞም አይፈረድበትም። ጉግል በነፃ እሰጣለሁ ያለው ቦታ 1 ጊጋባይት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሆትሜይል ይሰጥ የነበረው 2 ሜጋባይት፣ ያሁ ደግሞ 4 ሜጋባይት ነው። የሆትሜይል 500 እጥፍ፣ ያውም ያለ ክፍያ! ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብሎ በደቂቃ ሒሳብ እየከፈለ፣ አዲስ ደብዳቤ እንዲገባለት የድሮውን እየሰረዘ ለኖረ ሰው ይህን ማመን ይከብዳል።

አገልግሎቱ ከቦታው ጋር አንድ አዲስ አመልም ይዞ መጣ። ደብዳቤ መሰረዝ ቀረ፤ በፎልደር በፎልደር እየለዩ መድከምም ቀረ፤ የሚፈለገው ሲመጣ ፈልጎ ማውጣት ነው ተባለ። ምክሩን ከልብ ነው የተቀበልነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በገዛ ፈቃዱ ኢሜይል የሰረዘ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዛሬ ያው ኩባንያ ለአንድ አካውንት በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ ለኢሜይሉም፣ ለድራይቩም፣ ለፎቶውም በአንድ ላይ። ሰው ሁሉ «ሞላብኝ» እያለ ያማርርበታል። የሞላው ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ግን እ.ኤ.አ. ወደ 1956 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት አይቢኤም ራማክ የተባለውን፣ መረጃ በዲስክ የሚይዝ የመጀመሪያውን የገበያ ኮምፒውተር አወጣ። የማከማቻው ክፍል ብቻውን ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ እያንዳንዳቸው ወደ 60 ሴንቲሜትር የሚሰፉ 50 ዲስኮች በላይ በላይ ተደርድረውበታል። ይህ ሁሉ ብረት የሚይዘው 3.75 ሜጋባይት ያህል ነበር። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ብቻውን ይሞላዋል ማለት ይቻላል። 15 ጊጋባይት ለመድረስ 4,000 ራማክ ይጠይቃል፤ ከ4,000 ቶን በላይ ብረት። «ሞላብኝ» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ይህ የአንድ ሰው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ጉግል እንዳስታወቀው፣ በፎቶ አገልግሎቱ ብቻ ከ4 ትሪሊዮን በላይ ፎቶ ተቀምጧል። አንዱን ፎቶ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ እያዩ፣ ሳይተኙ ሳይበሉ ቢያልፉ፣ ሁሉን አይቶ ለመጨረስ ወደ 127 ሺህ ዓመት ይፈጃል። በአፋር፣ መካከለኛው አዋሽ፣ ሔርቶ ላይ ቅሪቱ የተገኘው የጥንት ሰው ዕድሜው 160 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እሱ በሕይወት ዘመኑ ማየት ቢጀምርና ልጅ የልጅ ልጅ እየተቀባበለ ቢቀጥል፣ ሥራው ያለቀው ከ33 ሺህ ዓመት በፊት ይሆን ነበር። ይሆን ነበር እንጂ አይሆንም። በዚያው መግለጫ በየሳምንቱ 28 ቢሊዮን አዲስ ፎቶና ቪዲዮ እንደሚገባ ተነግሯል፤ በሴኮንድ ሲካፈል ከ46 ሺህ በላይ ይመጣል። አንዱን ፎቶ አይተው ዓይንዎን ወደ ቀጣዩ እስኪያዞሩ 46 ሺህ ተጨምሯል።

የአማዞን ኤስ ስሪ የተባለው የክላውድ መጋዘን ደግሞ ሥራ በጀመረ በ15ኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የያዛቸው ፋይሎች ከ100 ትሪሊዮን ማለፋቸውን ኩባንያው ገልጿል። በዓለም ዙሪያ በየቀኑ የሚላከው ኢሜይል በግምት ከ300 ቢሊዮን በላይ ነው። ለ8 ቢሊዮን ሕዝብ ሲካፈል ጡት የሚጠባውን ሕፃን ጨምሮ ለእያንዳንዱ በቀን 37 ይደርሰዋል። ብዙው ማንም ያልጠየቀው ማስታወቂያና ማጭበርበሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

እስካሁን ያነሣሁት ክምሩን ነው። እኔን ግን ከክምሩ ይልቅ የሚገርመኝ ማሽኑ ከዚያ ሁሉ መሃል አንዱን የሚያወጣበት መንገድ ነው።

አንድ ትሪሊዮን ስሞች በፊደል ተራ ተደርድረው ቢቀመጡ፣ ማሽኑ ከላይ ጀምሮ አያነብም። መሃሉን ይገልጥና «የምፈልገው ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይላል። በፊት ከሆነ የኋላው ግማሽ እንዳለ ተጣለ፤ በአንድ ጥያቄ 500 ቢሊዮን ስም ከመንገድ ወጣ። የቀረውን ደግሞ ለሁለት፤ የቀረውን ደግሞ ለሁለት። 1,000 ስም ካለ 10 ጥያቄ ይበቃል። ለሚሊዮን 20፣ ለቢሊዮን 30፣ ለትሪሊዮን 40። ክምሩ ሺህ እጥፍ ሲያድግ ድካሙ የሚጨምረው በ10 እርምጃ ብቻ ነው። ለአማዞኑ 100 ትሪሊዮን 47 ይበቃል። በሒሳብ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ለጋስ ነገር ያለ አይመስለኝም።

በኢሜይል ውስጥ ያለውን ቃልም እንዲሁ ነው የሚያገኘው። እርስዎ ሰርች ሲያደርጉ ደብዳቤዎችዎን ማንበብ አይጀምርም፤ ያነበባቸውማ የገቡ ዕለት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ቃል እየነጠለ፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንዳለ የቃላት ማውጫ፣ «ይህ ቃል እዚህ፣ እዚህና እዚህ ደብዳቤ ላይ አለ» ብሎ መዝግቧል። ሲጠየቅ የሚያየው መዝገቡን ነው። ሥራው ለብዙ ማሽን ስለሚከፋፈል መልሱ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይመጣል።

ፋይሉስ ቢጠፋበት? ኤስ ስሪ የተሠራበት የአስተማማኝነት ልክ በመቶኛ ሲጻፍ 99.999999999 ነው፤ ዘጠኝ ቁጥር 11 ጊዜ። ትርጉሙን ኩባንያው ራሱ አስልቶታል፦ 10 ሚሊዮን ፋይል ያስቀመጠ ሰው በአማካይ አንዱ ሊጠፋበት የሚችለው በየ10 ሺህ ዓመቱ ነው። ስለዚህ «ሰነዱ ጠፋብኝ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ አልጠፋም። ተቀምጧል፤ ያውም በብዙ ቅጂ። የጠፋው መንገዱ ነው።

እስቲ አንድ ውክልና እንከተል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር እህት አዲስ አበባ ላለ ወንድሟ የቤት ጉዳይ እንዲያስፈጽምላት ውክልና ሰጠች እንበል፤ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲ የተረጋገጠ። ወረቀቱን በስልኳ አነሣችው፦ አንድ። በኢሜይል ላከችለት፤ በእሷ የተላኩ ደብዳቤዎች ውስጥ ቀረ፦ ሁለት። እሱ ጋ ገባ፦ ሦስት። ዳውንሎድ አደረገው፦ አራት። እናትም እንድታየው በዋትስአፕ ላከላት፦ ከእሱ ስልክ አምስት፣ ከእናት ስልክ ስድስት። ለጠበቃው በቴሌግራም፦ ሰባት። ጠበቃው ኮምፒውተሩ ላይ አወረደው፦ ስምንት። ወንድም ደግሞ ፕሪንት ለማድረግ ሲል የመሥሪያ ቤቱ ዋንድራይቭ ላይ ጫነው፦ ዘጠኝ። አንድ ወረቀት፣ ዘጠኝ ቅጂ፣ አራት ሰው።

አሁን ስሞቹን ይመልከቱ። ከዘጠኙ ውስጥ «ውክልና» የሚል ስም ያለው አንድም የለም። ስልኳ ያወጣለት ስም «ምስል» የሚለው ቃል የእንግሊዝኛ ምሕፃረ ቃልና አራት አሃዝ ነው። ይህ የአራት አሃዝ ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ብዙ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ጋ ፍጹም የማይገናኙ ሁለት ፎቶዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ዋትስአፕ ፎቶውን ሲቀበል የነበረውን ስም ጥሎ ቀኑንና ተራ ቁጥሩን ይሰጠዋል። ቴሌግራምም በፎቶ መልክ የተላከ ከሆነ ስሙን አያስቀርለትም፤ ስሙ እንዲተርፍ ከተፈለገ «ፋይል» ብሎ መላክ ያስፈልጋል። ይህን ልዩነት የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ቢታወቅ ብዙ ለቅሶ ይቀር ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈና ውክልናው ተፈለገ። ወንድም የእህቱን ስም ጻፈ፦ ዓለምፀሐይ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተር ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ 4608፣ 4624 እና 4736። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሆሄያቱ አንድ ድምፅ እንዳላቸው ማንም ያልነገረው ፕሮግራም ሰርች ሲያደርግ ቁጥር ከቁጥር ያስተያያል፤ ካልገጠመ የለም ይላል።

እስቲ እንቁጠር። የስሟን የመጀመሪያ ድምፅ በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ መጻፍ ይቻላል፦ 4። ፀ ወይም ጸ፦ 2። ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፦ 6። 4 ጊዜ 2 ጊዜ 6፣ 48 አጻጻፍ። «ዓለም ፀሐይ» ብሎ በሁለት ቃል የሚጽፍ ስላለ እጥፍ ይሆናል፦ 96። ደግሞ ወንድም የሚፈልገው በአንድ ቦታ አይደለም። ሁለት ጂሜይል አለው፣ ቴሌግራም አለው፣ ዋትስአፕ አለው፣ የመሥሪያ ቤቱ ዋንድራይቭ አለ። የአንዱ ሰርች የሌላውን ግቢ አይረግጥም። 96 ጊዜ 5፣ 480። በላቲን ፊደል የጻፈችበትን ሁኔታ አልቆጠርኩም፤ እሱን ቢጨምሩት ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል።

ከትሪሊዮን መሃል በ40 እርምጃ ያገኘው ማሽን ስህተት የለበትም። ከአንድ ስልክ ውስጥ 480 ሙከራ ያስፈለገው ሰነዱን አምስት ቦታ በትነን፣ ስም ሳናወጣለት ስለተውነው ነው። «ፈልጎ ማውጣት ነው» የተባለው ምክር እውነት የሚሆነው አንድ ግቢ ውስጥ፣ የሚገጥም ቃል ካለ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቢሮ ሰነዶች ለዓይን አማርኛ ይምሰሉ እንጂ ከውስጥ የተመዘገቡት በላቲን ፊደላት ቁጥር ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የሚወጣው ትርምስምስ የዚህ ውጤት ነው። በአማርኛ ሰርች አድርጎ እነሱን ማግኘት አይቻልም፤ በየመሥሪያ ቤቱ የስንት ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዲሁ እንዳለ ዲዳ ሆኖ ተቀምጧል። ዓመቱም እንደዚያው ነው። «የ2016 ሪፖርት» የሚል ፋይል የተጻፈው ስልኩ 2023 ወይም 2024 በሚልበት ጊዜ ነው። ኢሜይሉ ውስጥ በቀን ለይቶ 2016ን የጠየቀ ሰው በሰባትና በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ጉግል ለሁለት ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 አስታውቋል። ኢንተርኔት ካፌ ያለ ልጅ ለአንድ ፎርም ሲል የከፈተልዎት፣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፎ የሰጠዎት ኢሜይል ካለ፣ የ11 ዘጠኞች አስተማማኝነት እሱን አይሸፍነውም።

15 ጊጋባይቱን ሁሉ ለማስተካከል አይነሡ፤ ማንም ጀምሮ የጨረሰው ሥራ አይደለም። አምስት ሰነድ ብቻ ይምረጡ፦ የልደት ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ ውክልና፣ ፓስፖርት። አምስቱንም አንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀው አንድ ቦታ። የሰነዱን ዓይነት፣ የባለቤቱን ስም መታወቂያው ላይ ባለው ሆሄ፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አድርገው ስም ያውጡላቸው። አብዛኛው የአንድሮይድ ስልክ ለአንድ ፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ሆሄ ያህል ነው። «ውክልና-ዓለምፀሐይ-2015-2023» የሚለው ስም የሚፈጀው 41 ባይት ብቻ ነው።