ስለ ትምባሆ ንግድ የወጣው ሕግና የነጠላ ሲጋራ ጉዳይ

በአገራችን የትምባሆን ንግድ የሚገዛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አስቀድማ በ2006 ዓ.ም. አጽድቃ ነበር፤ ይሁን እንጂ የስምምነቱ ቃል እስከ ሱቅ መደርደሪያ የደረሰው በዚህ አዋጅ ነው።

በአዋጁ መሠረት ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ሲጋራ መሸጥ ክልክል ነው። በፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሆነው ስፍራ ለጤና ማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል ተሰጥቷል። የሆቴልና የቡና ቤት ባለቤቶችም በቤታቸው ውስጥ እንዳይጨስ የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ሲጋራን በነጠላ መሸጥ መከልከሉ ነው። ባለ ሱቁ ፓኮ ፈትቶ ቢሸጥ ትርፉ ይበልጥለታል፤ አንድ ፍሬ ሊገዛ የመጣ ደንበኛም ክብሪት ወይም ማስቲካ ጨምሮ ይሄዳል። ስለዚህ ክልከላው ለትንሹ ነጋዴ እውነተኛ ጉዳት መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሕጉ ምክንያትም ግልጽ ነው። የፓኮ ሙሉ ዋጋ ከኪሱ የሌለው ተማሪ የአንዱን ፍሬ ዋጋ አያጣም፤ በነጠላ የሚገዛም ሰው በፓኮው ላይ የታተመውን ሥዕል ሳያይ አጭሶ ይሄዳል። ስለሆነም በነጠላ መሸጥ እስካልቀረ ድረስ የዕድሜውም ገደብ፣ የማስጠንቀቂያውም ሥዕል ግማሽ ኃይላቸውን ያጣሉ። ቁጥጥሩም ዓመት ጠብቆ በሚመጣ ዘመቻ ሳይሆን በየወረዳው ዘወትር ቢደረግ፣ ሕግ አክባሪው ባለ ሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ አሳልፎ አይሰጥም ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ግብር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በፋብሪካ ዋጋ ላይ 30 በመቶ፣ በተጨማሪም 20 ፍሬ በያዘ በእያንዳንዱ ፓኮ ላይ 8 ብር ጣለ። ይህ በአንድ ፍሬ 40 ሳንቲም መሆኑ ነው። በቁርጥ የተወሰነ ገንዘብ የገበያ ዋጋ በናረ ቁጥር ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ በየጊዜው እንዲሻሻል ካልተደረገ አጫሹን የሚገታ አይሆንም። ግብሩ ሲጨምር ግን ማስጠንቀቂያም ግብርም የሌለበት የኮንትሮባንድ ሲጋራ እንዳይስፋፋ የጉምሩክ ጥበቃ አብሮ መጠንከር አለበት።

መንግሥት የትምባሆ ድርጅቱን ድርሻ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶ፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ 30.95 በመቶ ለጃፓን ቶባኮ ኩባንያ ሸጧል። ከዚያ በፊት ሻጩም ሕግ አውጪውም አንድ ወገን ነበር፤ ጠንካራው አዋጅ ከሽያጩ በኋላ መውጣቱም ልብ ሊባል የሚገባው ነው።