«ጥናት አረጋገጠ» ሲባሉ፣ «በምን ያህል?» ብለው ይጠይቁ

ማታ ነው። እራት ቀርቧል፤ የ14 ዓመት ልጅዎ ግን ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። ጠዋት በቴሌግራም የደረሰዎት ዜና ትዝ ይልዎታል፦ «ስልክ ታዳጊዎችን ለድባቴ እንደሚዳርግ ጥናት አረጋገጠ»። ስልኩን ይቀሟት ይሆን? ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ። ጥናቱ ያገኘው ልዩነት ምን ያህል ነው?

በሥነ ልቦና ጥናቶች ውስጥ «ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው ውጤት» የሚል አባባል በብዛት ያጋጥማል። ብዙዎቻችን «ትልቅ ውጤት» ማለት ይመስለናል። አይደለም። አባባሉ የሚለን ይህን ነው፦ በሁለቱ ነገሮች መካከል ምንም ግንኙነት ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ልዩነት እንዲሁ በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ትንሽ ነበር። የተለመደው መለኪያ ከ100 ከ5 በታች ሲሆን፣ በሰፊው ያስለመደው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ትልቅ ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎች «የውጤት መጠን» ይሉታል። የወርቅ ሠሪን ሚዛን ያስቡ። እጅግ ትንሽ ልዩነት እንኳ ሊያሳይ ይችላል። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ኩንታል ጤፍ ለሚገዛ ሰው ምን ይጠቅመዋል? የተጠኚዎች ቁጥር በበዛ መጠን የጥናት ሚዛንም እንዲሁ ስል ይሆናል። መቶ ሺዎች ሲጠየቁ ኢምንት ልዩነት እንኳ «ትርጉም ያለው» ተብሎ ይመዘገባል።

በስልክ ጉዳይ የሆነውም ይኸው ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሚ ኦርበን እና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከአሜሪካና ከብሪታንያ የተሰበሰበ የ355,358 ታዳጊዎችን መረጃ መረመሩ። በዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀምና በታዳጊዎች ደኅንነት መካከል አሉታዊ ግንኙነት አገኙ። መጠኑስ? በታዳጊዎች ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ውስጥ የቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚያስረዳው ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ ነበር።

ተመራማሪዎቹ ይህን ቁጥር ከሌሎች የኑሮ ልማዶች ጋር አነጻጸሩት። ድንች አዘውትሮ መብላት እንኳ ተቀራራቢ አሉታዊ ግንኙነት ታየበት! በድንች የተነሳ ግን ከልጁ ጋር የሚጣላ ወላጅ የለም። በሌላ በኩል በእኩዮች መጠቃት ከስልክ በእጥፍ ድርብ የጠነከረ አሉታዊ ግንኙነት ነበረው። በቂ እንቅልፍ ማግኘትና ቁርስ መብላት ደግሞ ከተሻለ ደኅንነት ጋር ጠንከር ብለው ተያይዘው ተገኙ።

ይህ ማለት ስልክ ማንንም አይጎዳም ማለት አይደለም። ቁጥሩ አማካይ ነው፤ የእርስዎ ልጅ ከአማካዩ ልትለይ ትችላለች። ደግሞም ግንኙነት መኖሩ ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም። የከፋው ልጅ ራሱ ወደ ስልኩ ሊሸሽ ይችላላ!

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሲደርስዎ እነዚህን ይጠይቁ፦

• ልዩነቱ በቁጥር ስንት ነው? «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ብቻ ከሆነ ዜናው ጎዶሎ ነው።
• ስንት ሰው ተጠና? በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ ትልቅ ውጤት ሲደገም ሊጠፋ ይችላል፤ በብዙ ሰዎች ላይ የተገኘ «ትርጉም ያለው» ውጤት ደግሞ ኢምንት ሊሆን ይችላል።
• ከምን ጋር ሲነጻጸር? ከእንቅልፍ፣ ከቁርስ፣ ከትምህርት ቤት ውሎ ጋር ያስተያዩት።

አሁን ወደ እራቱ ገበታ እንመለስ። ስልኩ ለእራት ሰዓት ቢቀመጥ መልካም ነው። ነገር ግን ከልጅዎ ጋር የሚጨቃጨቁበት ጉልበት ውስን ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሁለት ነገር ይጠይቋት፦ «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሽ? ትምህርት ቤትስ የሚያስቸግርሽ ሰው አለ?»